አጫዋቹ የተጫወተበት ገና

በቤታችን የበዓል ስጦታ ማለት ልብስ ነው። ልጆቼ ትንንሽ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ለገና ሸሚዝ፣ ለፋሲካ ጫማ እገዛለሁ፤ ማንም ምን ትፈልጋለህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። ልጅ የሚፈልገውን ሲጠየቅ ማማረጥ ይለምዳል፤ ማማረጥ የለመደ ደግሞ ማመስገን ይረሳል ብዬ አምናለሁ። ሴቷ ልጄ አግብታ ከወጣች ወዲህ ቤት የቀረው ወንድሟ ብቻ ስለሆነ ነገሩ ቀሎልኝ ነበር። በዓል ሲቃረብ ወደ ሜክሲኮ ወጣ ብዬ ነጭ ወይም ሰማያዊ ሸሚዝ ይዤ መመለስ ነው።

ባለፈው ገና ግን አልሆነልኝም። ሸሚዙን ከተሰቀለበት አውርጄ፣ ኮሌታውን አይቼ፣ ስፌቱን በጣቴ ዳስሼ፣ መልሼ ሰቀልኩት። ሻጩ ቀለሙን ያልወደድኩት መስሎት ሌላ አወረደልኝ። ነገሩ ቀለሙ አልነበረም። ለልጄ ልሰጠው የፈለግኩትን ምስጋና ሸሚዝ የሚሸከመው አልመሰለኝም።

ምስጋናው ስለ ምን እንደሆነ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

እኔ የኖርኩት ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው። ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ሕጉንም እንግሊዝኛውንም የተማርኩት መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ፣ አስተማሪ ሳይኖረኝ ነው። ስለዚህ ማንበብ ለእኔ እንጀራዬም ክብሬም ነው። ክረምት ላይ ዓይኔን ሞራ ጋርዶት ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፤ ቁስሉ እንደታሰበው ቶሎ ስላልዳነ ሐኪሟ ማንበብ፣ መጻፍና ማጎንበስ ከለከለችኝ። ዓይኔ ተሸፍኖ ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ። ጠያቂ አልጠፋም፤ ዘመድም ጎረቤትም ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ እግዚአብሔር ይማርህ ይላል፣ ስለ ኑሮ ውድነት ያወራል፣ ይሄዳል። ከሄደ በኋላ እኔ እንደገና እዚያው ጨለማ ውስጥ ነኝ። ደግሜ ማንበብ ካልቻልኩ ምን እሆናለሁ የሚለውን ሐሳብ ለማንም አልነገርኩም፤ ለሚስቴም።

ልጄ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወተው ጨዋታ አለው። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጡና አንድ ተረት በጋራ ያወራሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች በተረቱ ውስጥ አንድ ሰው ይሆናል፤ አንዱ ወታደር፣ አንዷ መድኃኒት ዐዋቂ፣ ሌላው ሌባ። ከመካከላቸው አንዱ ግን አንድ ሰው ብቻ አይሆንም። እሱ አገሩን፣ መንገዱን፣ ዝናቡን፣ ጠላቱንም ወዳጁንም ሁሉ ይሆናል። “ወንዝ ደረሳችሁ፤ ድልድዩ ተሰብሯል፤ ምን ታደርጋላችሁ?” ይላቸዋል። እነሱ የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ ከተጠራጠሩ ዳይስ ይጣላል፣ የወጣው ቁጥር ተሳካላቸው ወይም አልተሳካላቸውም ብሎ ይፈርዳል። ልጆቹ ይህን ሰው ማስተር ይሉታል። እኔ አጫዋች እለዋለሁ፤ የራሳችን ቃል እያለን መበደር አልወድም። የእነሱ አጫዋች ልጄ ነው።

ስለ ጨዋታው የነበረኝ አስተያየት ጥሩ አልነበረም። ዳይስ እኔ የማውቀው በቁማርተኛ እጅ ነው። ቤቴ እንዳይገባ ብዬ ስለነበር የሚጫወቱት ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ፣ ለዓመት በዓል በግ በሚታረድበት የጋራ ክፍል ውስጥ ነበር። ደግሞም አጫዋቹ ከፊቱ የታጠፈ ካርቶን እንደ መጋረጃ ያቆማል፤ ያዘጋጀውን ጽሑፍ ከዚያ ጀርባ ይሸሽጋል፣ የራሱን ዳይስም እዚያው ይጥላል። የሚሸሸግ ነገር ያለበት ጨዋታ አይጥመኝም።

ዓይኔ ከተሸፈነ በኋላ በመጀመሪያው እሁድ ልጄ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። የጋራው ክፍል በሰው ስለተያዘ ለዛሬ እዚህ ሳሎን ብንጫወት ይፈቅዱልናል ወይ አለኝ። ክፍሉ እንዳልተያዘ ዐውቃለሁ። እናቱ ማኅበር ሄዳ ስለነበር ብቻዬን እንዳልቀመጥ ነው። አሳዘኑኝ ቢለኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር፤ እሱ ግን ለራሱ ችግር እርዳታ የሚለምን አስመሰለው። ለዛሬ ብቻ ብዬ ፈቀድኩ።

ዓይኑ ለተሸፈነ ሰው እንደዚያ ያለ ጨዋታ የለም። ሁሉም ነገር የሚሆነው በአፍ ነው፤ የሚያዩት ሰዎች ከእኔ የበለጠ የሚያዩት ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ዝም ብዬ አደመጥኩ። ልጄ ጫካውን ሲናገር ጫካው ነበር። ከዚያ የአገሩን ከብት እየበላ ያስቸገረ ዘንዶ ዋሻ ድረስ ሄደው፣ ተኝቶ ሳለ ሊገድሉት መማከር ጀመሩ። ዝም ማለት አልቻልኩም።

“ክሱ ሳይነገረው?” አልኩ ከሶፋዬ ላይ።

ከተጫዋቾቹ አንዱ፣ የልጄ የትምህርት ቤት ጓደኛ የሆነው የሚኒባስ ሹፌር፣ ሳቁ አመለጠው። ልጄ አልሳቀም። በዚያው በተረቱ ድምፅ፣ “በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ ከዋሻው በር ላይ ደረሱ። ዘንዶው አንገቱን ቀና አድርጎ አያቸው” አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ “ምን ይሉታል፣ አባባ?” ሲል ጠየቀኝ።

እንደ ድሮ ተሟጋች “ተጠየቅ!” አልኩት። ዘንዶውም ተጠየቀ። በልጄ አፍ፣ ላሞቹ የበሉት የእሱን ሣር እንደሆነ፣ መጀመሪያ የተበደለው እሱ መሆኑን፣ ካሣ ያልከፈለ አገር ሊከሰው እንደማይችል አስረዳ። መክሰስ ብቻ ሳይሆን መልሶ መክሰስም የሚያውቅ ዘንዶ ነበር። እኔ ምስክር አምጣ አልኩት፤ እሱ የሌሊት ወፍ ጠራ። ለመግደል የመጡት ወጣቶች ሰይፋቸውን አስቀምጠው ቆሎ እየቆረጠሙ ችሎት ታዳሚ ሆኑ። ጉዳዩ በእርቅ አለቀ። ሚስቴ ከማኅበሯ ስትመለስ፣ በር ላይ ሆና የሰማችው የእኔን ጩኸት ነው፤ የተጣላሁ መስሏት ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት ስለ ዓይኔ አንድም ጊዜ አላሰብኩም። እስከሚድን ድረስ እሁድ እሁድ እየጠበቅኩ ሳምንቱን ገፋሁት። ከዚህ የተማርኩትን ልንገራችሁ። የታመመን ሰው ማስታመም የሚችሉ ብዙ ናቸው፤ ለታመመ ሰው ሥራ የሚሰጡ ግን ጥቂት ናቸው። ልጄ ሥራ ሰጠኝ። መድኃኒት ያልሞላውን ቦታ እሱ ሞላው፤ ይህንንም ያደረገው ውለታ እንደዋለልኝ ሳይመስለው ነው።

ዓይኔ ዳነ፤ ተመስገን፣ አሁን ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። ጨዋታው ግን ከሳሎናችን አልወጣም፤ እኔም ውጡ አላልኩም። እንግዲህ ገና ሲቃረብ ሸሚዙ ያስቸገረኝ ለዚህ ነው።

ለሚስቴ ጋቢ ላሠራለት አልኳት። “ጋቢ? ልጁን ከአሁኑ ልታስረጀው ነው?” አለችኝ። ሰዓት አልኳት፤ ሰዓቱን በስልኩ ነው የሚያየው አለች። መጽሐፍ ስላት፣ መጽሐፍ የምትገዛው ለራስህ ነው እንጂ ለእሱ አይደለም ብላ ሳቀችብኝ። የተናገረችው እውነት ነበር። ብዙ ሰው ስጦታ የሚገዛው ለራሱ ነው፤ የሚቀበለው ሰው ሰበብ ብቻ ነው።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የማውቀው አናጢ ዘንድ ሄድኩ። ያንን የተልመዘመዘ ካርቶን የሚተካ፣ በማጠፊያ የሚዘጋ ጥሩ የእንጨት መጋረጃ ላሠራለት ነበር። አናጢው ቁመቱንና ስፋቱን ጠየቀኝ፣ አልያዝኩም። ለምን እንደሚያገለግል ሲጠይቀኝ ደግሞ፣ ዳይስ የሚጥል ሰው ጓደኞቹ እንዳያዩበት የሚሸሸግበት ነው ማለት አፈርኩ። አጣርቼ እመለሳለሁ ብዬው ወጣሁ። በማላምንበት ዕቃ ማመስገን ትክክል አልመሰለኝም።

የማጣራው ከማን እንደሆነ ዐውቅ ነበር። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ከእናቷ ጋር የምትኖር፣ ሕንጻው ሥር ባለው መድኃኒት ቤት የምትሠራ ወጣት አለች። ወላጆቿ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ በጾማቸው ፍቺ ምግብ ይልኩልናል፣ በጾማችን ፍቺ እንልክላቸዋለን። ከልጄ ተጫዋቾች ሁሉ ነገሩን በቁም ነገር የያዘችው እሷ ናት። የዓይን ጠብታዬን ልገዛ ስወርድ ጉዳዩን አነሣሁባት። ለአጫዋች ሰው የሚያስፈልገው ዕቃ ምንድን ነው አልኳት። ዳይስ ነው? መጋረጃ ነው? ካርታ ነው?

ጠብታውን በወረቀት እየጠቀለለች ትንሽ አሰበች።

“ጋሼ፣ እሱ የጎደለው ዕቃ አይደለም” አለችኝ። “እሱ እኮ ተጫውቶ አያውቅም።”

አልገባኝም። ዘወትር እሁድ የሚጫወተው እሱ አይደል ወይ አልኳት። እሷም አስረዳችኝ። እነሱ ሲጫወቱ እሱ ያጫውታቸዋል። ከበሩ ጀርባ ምን እንዳለ እነሱ አያውቁም፤ ስለዚህ ይደነግጣሉ፣ ይደሰታሉ። እሱ ግን በሩንም ከጀርባው ያለውንም ያስቀመጠው ራሱ ነው። ከሥራ ደክሞ ገብቶ ማታ ማታ ያዘጋጃል፤ እሁድ ደግሞ ሁሉንም ሰው ይሆንላቸዋል። ከመካከላቸው ሌላ ማጫወት የሚችል የለም። ሹፌሩ ቀልድ እንኳ ጀምሮ አይጨርስም፤ እሷ ራሷ አንዴ ሞክራ ሳቋ መጥቶ አበላሸችው።

“ከገና በኋላ ይበቃኛል ብሎናል” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ለእርስዎ እንዳንነግርዎት አደራ ብሎን ነበር፤ እሁድን እንደሚወዱት ያውቃል።”

ጠብታዬን ይዤ ደረጃውን ስወጣ ድግስ የሚደግስ ሰው ትዝ አለኝ። እንግዳው ሁሉ ተቀምጦ ይበላል፤ ደጋሹ ወገቡን ታጥቆ፣ ማን አልቀረበለትም ማን አልጠጣም እያለ ቆሞ ይውላል። ሁሉም ጠግቦ እግዚአብሔር ይስጥልን ብሎ ሲሄድ እሱ እህል አልቀመሰም። ቀና ብሎ፣ አንተስ በልተሃል ወይ የሚለው ሰው ከመቶ አንድ አይገኝም። እኔም በልጄ ድግስ ላይ ጠግቤ ከተነሡት አንዱ ነበርኩ።

በማግሥቱ ተመልሼ ወርጄ፣ ለገና ዕለት እኔ አጫውታለሁ አልኳት።

“ከምርዎ ነው ጋሼ?”

“ቀልድ ሲያምርብኝ አይተሽ ታውቂያለሽ?”

ከዚያ በኋላ በምሳ ሰዓቷ ከመደርደሪያው ጀርባ በርጩማ ላይ እየተቀመጥኩ ደንቡን አስተማረችኝ። የደንቡ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው፤ ሕግ በእንግሊዝኛ ያነበበ ሰው አይፈራውም። እንዲያውም አደነቅኩት፤ ከአንዳንድ አዋጅ ይልቅ ግልጽ ነው። መድኃኒት የሚገዙ ሰዎች ስለ ሰይፍና ስለ መርዝ ስንከራከር እየሰሙ ይገረሙብን ነበር። ሚስቴ ምሥጢሩን ታውቃለች፤ በስተርጅናህ ተረት አውሪ ሆንክ ትለኛለች፣ ሽንኩርት እየከተፈች ግን ከዚያስ እያለች ታስወራኛለች።

ተረቱን ያዘጋጀሁት ለባለጉዳይ መዝገብ እንደማዘጋጅ ነው። አንድ ምንጭ አለ፤ ከገደል ማዶና ማዶ ያሉ ሁለት መንደሮች የእኔ ነው፣ የእኔ ነው ይባባላሉ። የድንበሩን ድንጋይ በስውር ያዛወረ ሰው አለ። ተጫዋቾቹ ወደ ሽማግሌዎቹ ይሄዳሉ፣ ምስክር ይሰማሉ፣ ድንጋዩን ያገኛሉ፣ ፍርድ ይሰጣሉ። የሚሉትንም፣ የሚጠየቁትንም፣ የፍርዱንም ቃል ሳይቀር ጻፍኩት። ስታነበው ፋርማሲስቷ፣ “ጋሼ፣ ፍርዱን ጽፈው ጨርሰዋል፤ ተከራካሪዎቹ እኮ ገና አልመጡም” አለችኝ። የተዘጋጀ ሰው አይዋረድም ብዬ መለስኩላት።

በአንድ ነገር ግን አልተስማማንም። መጋረጃ አላቆምም አልኳት። ዳይሱንም ሁሉ ሰው እያየ ትሪ ላይ እጥለዋለሁ፤ ችሎት በግልጽ ነው። እሷ ራሷን ነቀነቀች።

“መጋረጃው እኮ ለማጭበርበር አይደለም፣ ጋሼ። ለምሕረት ነው። አንዳንዴ ክፉ ቁጥር ይወጣና ሰው ሊሞትበት ሲሆን፣ እሱ ከጀርባ አይቶ ዝም ይላል።”

“ምሕረት የሚያደርግ ሰው በአደባባይ ያድርግ” አልኳት። አሁንም የማምነው ይህንን ነው። ማመን ግን አንድ ነገር ነው፣ በገዛ ልጅ ላይ ማየት ሌላ ነው።

የገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ጾም ፈትተን፣ ትንሽ ካረፍን በኋላ ተጫዋቾቹ መጡ። ሚስቴ ለማታ ዶሮ ወጡን ዳር አድርሳዋለች፤ ፋርማሲስቷ የእኛን ሥጋ ስለማትበላ ለእሷ ዓሣ ለብቻው ተሠርቷል። ልጄ እንደ ልማዱ ጠረጴዛውን ጠረገ፣ ካርቶኑን ከፍቶ አቆመና የራስጌው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፊቱን አየሁት። የበዓል ሳቅ ይስቃል፣ ከዓይኑ ሥር ግን ድካሙ ይታያል። ለመጨረሻ ጊዜ ሊያጫውታቸው የተቀመጠ ሰው ነው።

አጠገቡ ሄጄ ካርቶኑን አጠፍኩት።

“ዘንድሮ ሸሚዝ አልገዛሁልህም” አልኩት። “ስጦታህ ይሄ ነው፤ ተነሥና ወንበሩን ልቀቅልኝ።”

“አባባ፣ ደህና ነዎት?”

“ደህና ነኝ። ከጎን ተቀመጥ። ዛሬ ተጫዋች ነህ።”

ሹፌሩ ጠረጴዛውን ደበደበ። “ጀለሴ፣ ከሥልጣን ወረድክ!” አለው። ልጄ አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ፋርማሲስቷን ተመለከተ። እሷ ጥፍሯን ማየት ጀመረች። ቀስ ብሎ ተነሣና ከሹፌሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተጠጋ። እጁን የት እንደሚያስቀምጥ አላወቀም ነበር።

በዚህ ተረት ማንን መሆን ትፈልጋለህ ስለው ረጅም ጊዜ አሰበ። ጀግና ይሆናል፣ ጠቢብ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ፣ “ሰነፍ ዘበኛ” አለ። ዘብ ቆሞ የሚተኛ፣ የሰጡትን ሥራ ሁሉ ለሌላ የሚያስተላልፍ፣ ኃላፊነት የማይወድ። እናቱ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና እስኪደክማት ሳቀች። ይህ ልጅ ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ የእኔን ጫማ ሳይታዘዝ የሚጠርግ ነበር።

ጀመርኩ። መንደሩን ነገርኳቸው፣ ምንጩን ነገርኳቸው፣ ጠቡን ነገርኳቸው። ሽማግሌዎቹ ዋርካ ሥር ተቀምጠው እየጠበቋችሁ ነው፤ ምን ታደርጋላችሁ አልኩ።

“እኔ ሽማግሌ ጋ አልሄድም” አለ ሰነፉ ዘበኛ። “ሽማግሌ ነገር ያስረዝማል። ገደሉ ላይ ገመድ አለ?”

ገመድ አልጻፍኩም። ሁለት መንደር ካለ የሚያገናኝ ነገር መኖሩ ግን አይቀርምና አለ አልኩ፤ አሮጌ ነው።

“በእሱ እሻገርና ድንጋዩን ማን እንዳዛወረው ማዶኞቹን እጠይቃለሁ።”

“ሽማግሌዎቹ ያውቁታል እኮ” አልኩት። “እዚህ ዋርካው ሥር ናቸው። ቅርብ ነው።”

“ይጠብቁኝ።”

“ቡራኬም ይሰጡህ ነበር።”

“ጋሼ” አለች ፋርማሲስቷ፣ “እየጎተቱት ነው።” ሁሉም ሳቁብኝ። እኔም ወረቀቴን አየሁ። ከዋርካው እስከ ፍርዱ ያለው ሁሉ ተራ በተራ ተሰድሯል፣ ገመድ የሚባል ነገር ግን የለበትም። በሥራዬ ባለጉዳይ እንዲህ ሲል፣ አንተ ዝም በልና እኔ እንደምልህ አድርግ እለው ነበር። እዚህ ግን ባለጉዳዩ ከተጎተተ ጨዋታ የለም። ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ገመዱ ያረጀ መሆኑን፣ ገደሉም ጥልቅ መሆኑን፣ የወደቀ ሰው እንደማይተርፍ አስቀድሜ በግልጽ ነገርኩት። ከፍ ያለ ቁጥር ያስፈልግሃል አልኩት። እሱ ዳይሱን በሁለት መዳፉ አሽቶ ትሪው ላይ ጣለው። በብረቱ ላይ ሲንከባለል ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየነው። አንድ።

ከዚያ የሚያንስ ቁጥር ዳይሱ ላይ የለም።

ለዚህ ቀን ከኅዳር ጀምሮ ስዘጋጅ ቆይቻለሁ፤ ልጄ ተጫዋች ሆኖ አንድ ወንዝ እንኳ ሳይሻገር ልገድለው ነው። የታጠፈውን ካርቶን በዓይኔ ፈለግኩት። አቁሜው ቢሆን ኖሮ፣ ጀርባው ሆኜ፣ ተረፍክ እለው ነበር። ይህን መመኘቴን አልደብቅም። ሹፌሩም ይደገምለት እንጂ በበዓል ቀን አለ። ዳይሱን ለማንሣት እጄ ተንቀሳቀሰ።

“እንዳይነኩት፣ አባባ” አለ ልጄ።

ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቁጥሩን ትኩር ብሎ ያይ ነበር። ከዚያ ሳቅ መጣበት። ሰውን ለማስደሰት የሚስቀውን ሳቅ ዐውቀዋለሁ፤ ይሄ እሱ አልነበረም። ከሆዱ የወጣ፣ ዓይኑን እንባ የሞላ ሳቅ ነው።

“ሞትኩ?”

“ሞትክ” አልኩት።

“በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!” አለችው እናቱ ከበሩ ላይ። ድሮ በገና ጨዋታ ሎሌ የጌታውን ቅልጥም በዱላ ቢያገኘው እንኳ ጌታው አይቀየምም ነበር፤ አባባሉ ከዚያ የመጣ ነው።

“አልተቆጣሁም እኮ፣ እማዬ። ሞቼ አላውቅም፤ እንዴት እንደሞትኩ ልስማው።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “ይንገሩኝ፣ አባባ።”

ይህን አልጻፍኩም ነበር። የሚነበብ ነገር ስላልነበረኝ ከማውቀው ጀመርኩ። ገመዱ ከመሐል ተበጠሰ አልኩ። ዘበኛው ሲወድቅ ጩኸቱን ሁለቱም መንደሮች ሰሙ። ከወዲህም ከወዲያም ሰዎች በየራሳቸው ቀጭን መንገድ ወደ ገደሉ ግርጌ ወረዱ። ሬሳው ያረፈው ከምንጩ አጠገብ፣ ከማናቸውም ወገን በማይባል ቦታ ላይ ነው። ለዓመታት ሰላም ያልተባባሉ ሰዎች ፊት ለፊት ተገናኙ። መጣላት አልቻሉም፤ ሬሳ ፊት ጠብ ነውር ነው። ትቶ መሄድም አልቻሉም፤ የማንም ሰው ሬሳ ብቻውን አያድርም። ስለዚህ አንደኛው መንደር ቃሬዛ አመጣ፣ ሌላው መግነዣ አመጣ። ከተሸከሙት አራት ሰዎች ሁለቱ የወዲህ፣ ሁለቱ የወዲያ ነበሩ፤ ቃሬዛ እንዳያዘነብል ደግሞ እርምጃን ማስማማት ግድ ነው።

ይህን ስል የልደታን ሰው እያሰብኩ ነው። ከእኛ ሕንጻ ውስጥ በግድግዳ ተጣልተው ፍርድ ቤት ድረስ የሄዱ፣ እኔ ራሴ የአንዱን ማመልከቻ የጻፍኩላቸው ጎረቤቶች፣ የአንዳቸው እናት ስታርፍ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይቻለሁ። ችሎት ያላቀራረበውን ለቅሶ ያቀራርበዋል። እኔ ይህን ከሕግ መጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ኖሬ ነው ያገኘሁት። ለልጄም ነግሬው አላውቅም ነበር፤ ለእሱ የምነግረው ሁልጊዜ ማድረግ ያለበትን ነው እንጂ ያየሁትን አይደለም።

ዘበኛውን ቀብረው ለቅሶ ተቀመጡ አልኩ። ዘመድ ስለሌለው ማን ያስተዛዝን? ሁለቱም መንደሮች ዘመድ ነን አሉ። ሦስት ቀን በአንድ ዳስ ሥር፣ ከዚያው ከተጣሉበት ምንጭ ውሃ እየቀዱ ንፍሮ ቀቀሉ።

ቀና ስል ልጄ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ አነባብሮ፣ አገጩን በላዩ አሳርፎ ያየኛል። ዓይኑ ሥር የነበረው ድካም የት እንደሄደ አላውቅም። ሚስቴም ከበሩ ወደ ውስጥ ገብታ ቆማለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች።

“አለቀሰችለት አንዲት ሴት እንኳ?” አለች።

“ብዙዎች አለቀሱለት” አልኳት።

ከዚያ ሹፌሩና ፋርማሲስቷ ተነሡብኝ። ሹፌሩ በለቅሶው ላይ ከሰዎቹ ሁሉ ያላለቀሰውን ሰው እፈልጋለሁ፣ ድንጋዩን ያዛወረው እሱ ነው አለ። እሷ ደግሞ የተበጠሰው ገመድ ጫፍ ተቆርጦ እንደሆነ ልይ አለች። እኔ ያላሰብኩትን ነው የሚጠይቁኝ። ላብ አጠመቀኝ። ልጄን ለእርዳታ ባየው፣ እሱ ሟች ነው፤ ትከሻውን ነቀነቀና ተነሥቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ዶሮውን እንፋሎቱ እየወጣ በሳህን ይዞ ተመለሰ። እናቱ፣ እሁድ እሁድ የሚቀርብለት ምግብ ሁልጊዜ ካርቶኑ አጠገብ ቀዝቅዞ ነበር የሚመለሰው አለች። አግዳሚው ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀመጠና መብላት ጀመረ፤ እናቱንም አጎረሳት። እኔ ስንተፋተፍ ዳኛው ያዳላል ይላል፣ ምስክሩ ይውረድ ይላል፣ ከሹፌሩ ጋር ይሳሳቃል።

ይበቃኛል ያለውን ነገር እኔ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አላነሣውም። ሲወስን ይነግረኛል። እኔ ለመስጠት የመጣሁትን ሰጥቻለሁ፤ ተቀብሎታል ወይስ አልተቀበለውም ብዬ ፊቱን ሳየው፣ እንቁላሉን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን አፉ ውስጥ ከቷል።

“ከዚያስ፣ አባባ?” አለኝ አፉን እንደሞላ።

ከዚያ ያለውን አላወቅኩም። ቆይ ላስብበት አልኩት። እሱም እየበላ ጠበቀኝ።